ድንጋዩን መጋራት፦ ፀረ-አይሁድ ጥላቻን የመቃወም ዳሰሳ

ዲሴምበር 14 ቀን 2025 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሲድኒ፣ በቦንዳይ የባሕር ዳርቻ፣ ሐኑካን ሲያከብሩ በነበሩ አይሁድ ላይ አባትና ልጅ ተኩስ ከፍተው 15 ሰው ገደሉ። ከኋላ ደርሶ የአንደኛውን ጠመንጃ የነጠቀው አሕመድ አል-አሕመድ ነው። ሶርያ የተወለደ፣ በሲድኒ ፍራፍሬ የሚነግድ ሙስሊም ሲሆን እሱም በጥይት ቆሰለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦክቶበር፣ በዮም ኪፑር ዕለት፣ ማንቸስተር ውስጥ በአንድ ምኩራብ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ የሐማስ ጥቃትና ከጋዛ ጦርነት ወዲህ ፀረ-ሴማዊነት በብዙ አገሮች በርትቷል፤ አይሁዳዊ ያልሆነው ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሥቷል።

በብዛት የሚወራለት የግለሰብ ጀግንነት ነው። በጃንዋሪ 2015 ፓሪስ ውስጥ አንድ ታጣቂ የአይሁድ ምግብ መሸጫ መደብር ገብቶ አራት ሰው ሲገድል፣ የመደብሩ ሠራተኛ የነበረው ማሊያዊው ላሳና ባቲሊ ደንበኞችን ምድር ቤት ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ሸሸጋቸው። ፈረንሳይም በዚያው ወር ዜግነት ሰጠችው። የኢየሩሳሌሙ ያድ ቫሼም በናዚ ዘመን አይሁድን ለማዳን ሲሉ ራሳቸውን ለአደጋ የሰጡ ከ28,000 በላይ ሰዎችን መዝግቧል። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ጀግና ማድነቅ ብቻውን እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ አያድንም፤ ጠመንጃ መንጠቅ የሚችለውም ጥቂቱ ነው። ለተራው ሰው የሚበጀው ምሳሌ ከአሜሪካዋ የሞንታና ግዛት ይገኛል።

በ1993 ቢሊንግስ ወደ 80,000 ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች፤ አይሁዳውያን ቤተሰቦቿ ጥቂት ነበሩ። በዚያ ዓመት የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች የአይሁድ መካነ መቃብር አረከሱ፤ ጥቁሮች የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ምእመናኑን አስፈራሩ፤ የአንዲት የነባር አሜሪካውያን ተወላጅን ቤት በስዋስቲካ አበላሹ። የቀለም ቀቢዎች ማኅበር አባላት ወጥተው ያን ቤት መልሰው ቀቡላት። ዲሴምበር 2 ምሽት ደግሞ የሐኑካ መቅረዝ በታየበት የአንድ ሕፃን መኝታ ቤት መስኮት ላይ የብሎኬት ስባሪ ተወረወረ። አብያተ ክርስቲያናት በወረቀት የታተመ መቅረዝ ለምእመኖቻቸው አደሉ፤ የከተማዋ ጋዜጣም በሙሉ ገጽ አትሞ አወጣው። በሺህ የሚቆጠሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች በየመስኮታቸው ለጠፉት። የአንዳንዶቹም መስኮት ተሰበረ። መቅረዙ ግን አልወረደም፤ ከዚያ በኋላ ጥቃቱ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ይህን ታሪክ ወደ እኛ የሚያቀርበው ሌላ ነገር አለ። ነዋሪውን ካነሣሡት አንዱ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ዌይን ኢንማን ነበር፤ ኢንማን ቀድሞ ያገለገለው በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። በኖቬምበር 1988 ለትምህርት አሜሪካ የሄደውን ኢትዮጵያዊ ሙሉጌታ ሥራውን ስኪንሄድ የሚባሉ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው የገደሉት በዚያች ከተማ ነበር። ገዳዮቹን ያነሣሣ ድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገር በፍትሐ ብሔር ተከሶ በ1990 ዳኞቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ክሱን ከመሠረቱት ሁለት ተቋማት አንዱ አይሁድ በ1913 ያቋቋሙት የፀረ-ጥላቻ ድርጅት ኤዲኤል ነው። ምኩራብ የሚያረክሰውና ሙሉጌታን የገደለው ጥላቻ አንድ መሆኑን ያወቁት እነሱ ቀድመው ነበር።

የቢሊንግስን ሰዎች ልብ ካሞቁ ታሪኮች አንዱ የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ የአይሁድን ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ አድርጎ ናዚዎችን ተገዳደረ የሚለው ነው። አልሆነም። በዴንማርክ ያሉ አይሁድ ኮከቡን እንዲያደርጉ ታዝዘው አያውቁም። እውነቱ ከአፈ ታሪኩ ይበልጣል፦ በኦክቶበር 1943 ዴንማርካውያን 7,200 ያህል አይሁድን በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ወደ ስዊድን አሻገሩ። ከዓሣ አጥማጆቹ ብዙዎቹ ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ቢሆንም ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል።

ዛሬ የሚታየው አጋርነት በአብዛኛው ምልክት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት ሮበርት ክራፍት ያቋቋሙት ድርጅት በ2023 በ25 ሚሊዮን ዶላር ዘመቻ ሰማያዊ አራት ማዕዘን አስተዋወቀ። በስልክ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ክፋት የለውም፤ ለጣፊውን ግን ምንም አያስከፍለውም። በፌብሩዋሪ 2015፣ የኮፐንሃገን ምኩራብ ጠባቂ በተገደለ በሳምንቱ፣ በኦስሎ ወጣት ሙስሊሞች ባስተባበሩት ሰልፍ ከ1,000 በላይ ሰዎች በምኩራቡ ደጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። እሱ ሌላ ነው፤ ገላቸውን ይዘው መጥተዋልና።

ሕግና ፖሊሲውን በአጭሩ ልለፈው። ብዙ መንግሥታት የተቀበሉት የ2016 የፀረ-ሴማዊነት ትርጓሜ እስካሁን ያከራክራል፤ ምሁራን በ2021 አማራጭ የኢየሩሳሌም መግለጫ አውጥተዋል። ክርክሩ የእስራኤልን መንግሥት መተቸት መቼ ጥላቻ ይሆናል በሚለው ላይ ነው። መንግሥትን መተቸት የማንም መብት ነው። የኔታንያሁን ውሳኔ በሲድኒ ሐኑካ በሚያከብር ቤተሰብ ላይ መበቀል ግን ትርጓሜ የማያሻው ፀረ-ሴማዊነት ነው።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አውሮፓ አይሁድን በሕፃናት ደምና በውኃ ጉድጓድ መመረዝ ስትከስ፣ በጎንደርና በአካባቢው ርስት የተነፈጉ የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለዋል። አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው፤ ወሬው ግን እዚሁ ቀርቷል። ሲድኒ ወይም ቢሊንግስ መሄድ አያስፈልግም። ጠጅ ቤት ውስጥም ሆነ ፌስቡክ ላይ ይህን የሚያወራ ወዳጅ ካለዎት፣ ሰው ፊት ተው ይበሉት፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።