ስለ ተማሪዎች ምሳ፤ ሆድን ስለ መሙላትና ሰውነትን ስለ ማልማት



ሰው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ደብተሩና ስለ ልብሱ ነው፤ ስለ ምሳው የሚያስበው ግን ከሁሉ በኋላ ነው። ነገር ግን መምህሩ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፥ መጽሐፉም የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ የተራበ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳውን ያያል እንጂ ልቡ ትምህርቱን አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ መንግሥት ስለ ተማሪዎች ምግብ ያወጣው ደንብ እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣና ይህ ለውጥ በጎንደር ከተማና በሰሜን ደጋ ለሚኖረው ልጅ ምን እንደሚረባው ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ ከዚህ በታች የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በጎንደር ለተማሪ እንጀራ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። አርባ አራት ታቦት በሚባልላት በዚች ከተማ፥ ቅኔና አቋቋም ሊማር ከየአገሩ የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን ዱላውን ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፥ የቤቲቱ እመቤት ከሌማቷ ቁራሽ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት የተጻፈ ደንብ የለም፤ ሃይማኖቷና ርኅራኄዋ ናቸው እንጂ። እኛም በልጅነታችን ከዚህ ቁራሽ ቀምሰናል፤ የሰጡንንም እናቶች እስከ ዛሬ እናመሰግናለን።

እውነቱን ለመናገር ግን ያ ቁራሽ ነፍሳችንን አቆየልን እንጂ ሰውነታችንን አላለማም። ከጓደኞቻችን አንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑ ይጋረድበት ነበርና እጁን ይዘን ወደ ጎጆው እናደርሰው ነበር። በልጅነት አሳባችንም የሰው ዓይን በልቶታል እያልን እንፈራለት ነበር። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሰውነት አጠባበቅ ስንማር፥ ያ ደዌ ዳፍንት እንደሚባል፥ የሚመጣውም ቪታሚን ኤ በማጣት እንደ ሆነ፥ ይህም ነገር በወተት፥ በዕንቁላል አስኳል፥ በካሮትና በጎመን እንደሚገኝ ተረዳን። ልጁ እንጀራ አላጣም ነበር፤ ያጣው ከእንጀራው ጋር የሚበላውን ነበር። እንግዲህ ሆድን መሙላትና ሰውነትን ማልማት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የደንቡም ለውጥ ታሪክ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የመሻገር ታሪክ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የሕፃናትን አመጋገብ የሚመረምር መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፥ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ «ፋፋ» የተባለውን ምግብ ለአገሩ አስተዋወቀ። ስሙ ራሱ አሳቡን ይገልጣል፤ ልጁ እንዲጠግብ ብቻ ሳይሆን እንዲፋፋ ነውና። ከዚያም በኋላ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገብ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የታሰበው፥ ችግር በጸናበት አገር ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ ነበር። በአንዳንድ ስፍራም ሴት ልጅ ሳታቋርጥ የተማረች እንደ ሆነ ለቤተ ሰቧ የሚሆን ዘይት ይሰጣት ነበር። እህሉ ግን በብዙው በርዳታ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ነበረ፥ መርከቡ የዘገየ እንደ ሆነ ድስቱም ይዘገይ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በደቡብና በኦሮሚያ ክልሎች ምግቡን ከአገሩ ገበሬ ገዝቶ ተማሪውን የመመገብ ሙከራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት ቤቶች ጤናና ሥርዓተ ምግብ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። በ2019 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር 300 ሺህ ለሚያህሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ መስጠት ጀመረ። በ2021 ዓ.ም. ብሔራዊ የትምህርት ቤት ምገባ ፖሊሲ ወጣ። በተከታዩም ዓመት ሕዝቡ ሁሉ በአገሩ ከሚበቅለው እየለየ ልዩ ልዩ ምግብ እንዲመገብ የሚመክር የአመጋገብ መመሪያ ተጨመረ። የእነዚህ ሁሉ አሳብ ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ምግቡ ከርዳታ እህል ወደ አገር እህል፥ ከአንድ ዓይነት ወደ ልዩ ልዩ ዓይነት፥ ከጥጋብ ወደ ጤና ይሻገር የሚል ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፥ የመንግሥትን ቈጠራ እንጠቅስለታለን። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀነጨረ ሆኖ ተገኘ። በአማራ ክልል ግን ከመቶው 46 ነበሩ። በ2019 ዓ.ም. የአገሩ 37፥ የክልሉም 41 ሆነ። ጤፍ፥ ገብስና ባቄላ በሚያበቅል ምድር የሚኖር ሕዝብ ልጆቹ ከሌላው አብልጠው መቀንጨራቸው ሊያሳፍረንና ሊያሳስበን ይገባል። መንግሥትም በ2015 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም በተጠራው ቃል ኪዳን፥ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2030 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። የትምህርት ቤት ምሳ ያለፈውን ጉዳት ሁሉ ሊመልስ ባይችልም፥ ያለውን ጕልበት ለማዳንና የነገዪቱን እናት ለማጽናት ይረዳል።

የሌሎችንም መንግሥታት ነገር ብናይ ትምህርት እናገኛለን። በጃፓን የተማሪ ምሳ የተጀመረው በ1889 ዓ.ም. ቱሩኦካ በምትባል ከተማ፥ በቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ በነበረ ትምህርት ቤት ለድሆች ልጆች ሩዝና ዓሣ በመስጠት ነው ይባላል። የጎንደርን ቁራሽ ይመስላል። ጃፓኖች ግን በዚያ አልቆሙም፤ በ1954 ዓ.ም. ሕግ አደረጉት፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ልጁ ስለሚበላው ነገር እንዲማር ሌላ ሕግ ጨመሩ። በእንግሊዝ አገር በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በሰውነታቸው ድካም ስለ ተመለሱ፥ መንግሥት ደንግጦ መረመረና በ1906 ዓ.ም. ለተማሪዎች ምግብ እንዲሰጥ ፈቀደ። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. ወጪ ለመቀነስ ሲባል የምግቡ ልክ ከሕግ ወጣ፤ ጉዳቱም ከታየ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ደንቡ ተመለሰ። በአሜሪካም በ1981 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴር የቲማቲም ድልህንና ይህን የመሰለውን ማባያ እንደ አትክልት ለመቁጠር የሚያስችል ደንብ ቢያቀርብ፥ ሕዝቡ ሳቀበትና ተተወ። ገንዘብ ሲጠብ አስቀድሞ የሚቀነሰው ዝም የሚለው የልጅ ድርሻ መሆኑን እነዚህ ታሪኮች ያስረዳሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ደንቡ «ልዩ ልዩ ምግብ» ሲል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የሚያሻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ተሳስቷል። በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስና ባቄላ ይበቅላል፤ በደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ አለ፤ ኑግና ምስር በገበያው ይገኛል፤ ጎመንን በየጓሮው ማብቀል ይቻላል፤ ዶሮም ከደጃፍ አይጠፋም። ሐኪሞች እንደሚያስተምሩን የእህል ዘር የጎደለውን ጥራጥሬ ይሞላዋልና፥ እንጀራን ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር መብላት አባቶቻችን ያገኙት ታላቅ ጥበብ ነው። በቆልትም ከደረቅ ባቄላ ይልቅ ለሰውነት ይመቻል፤ ማብቀል በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ያደርጋልና። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር የተጠጡ እንደ ሆነ ይህንኑ ብረት ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ለልጅ ከምሳው ጋር ሻይ መስጠት አይገባም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የመጀመሪያው ስለ ጓያ ነው። በደምቢያና በፎገራ እንደ ታየው፥ ጓያን ለብዙ ጊዜ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላልና፥ ዋጋው ቢረክስም ወደ ተማሪዎች ድስት አይግባ። ሁለተኛው ስለ ጨው ነው። በደጋ አገር ዝናሙ አዮዲንን ከምድሩ ያጥባልና እንቅርት ይበዛል፤ በማኅፀን ያለውንም ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አውጥቷል። ወጥ ቤቶችም ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ቢያኖሩትና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨምሩት አዮዲኑ በከንቱ አይጠፋም።

ስለ ጾምም የሚጠይቁን አሉ። በልማዳችን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን የወላጆቹን ሥርዓት ይከተላል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሁለት ዝርዝር ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ የጾም፥ አንዱ የፍስክ። በጾም ጥራጥሬ፥ ኑግ፥ ተልባና ጎመን ይብዛ፤ በፍስክ ደግሞ ዕንቁላልና ወተት ይጨመር። ክርስቲያኑና እስላሙ ልጅ በአንድ ገበታ የሚቀመጡ ስለ ሆነ፥ ሥጋ የሚያመጣው መለያየት በጥራጥሬና በዕንቁላል ዘንድ የለም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በወረቀት ላይ ያለው ነው። አሁን ደግሞ በዓይናችን ያየነውን እንናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለፍርድ ቤት ሥራ ወደ ደጋው ወጥተን ሳለ፥ ስሙን ልንጠራው በማንፈልገው በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ አደርን። በማለዳ ከትልቅ ድስት ጢስ ሲወጣ አይተን ቀረብን። የጸሐፊ ልማድ ነውና ዓይናችን ከድስቱ በፊት በመዝገቡ ላይ አረፈ። መዝገቡ በመልካም እጅ ተጽፎ በየቀኑ የወጣው ዱቄት፥ ባቄላ፥ ዘይትና ጨው በየረድፉ ተመልክቶ ነበር። በድስቱ ውስጥ ግን ከዱቄት፥ ከጨውና ከውሃ በቀር ምንም አልነበረም። ወጥ ሠሪዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩና፥ «እናቴ፥ ባቄላው ወዴት አለ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ባቄላው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ዘይቱማ ከእሱም በፊት አልቋል። መዝገቡ ግን ባዶ እንዳይሆን ይጻፋል» ብለው መለሱልን።

መዝገቡን የሚጽፈው ወጣት መምህር ሌባ አልነበረም፤ «የለም» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ እንዳይወቀስ ስለ ፈራ ነው እንጂ። በላይ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ በመዝገቡ ባቄላ ስላየ ባቄላ አልላከም። እንዲህ ሆኖ ሁሉም ሥራውን የሠራ መስሎት ሳለ ልጆቹ ሦስት ሳምንት ዱቄትና ውሃ ጠጡ። እኛም መምህሩን፥ «የለም ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩስ የሌለውን አለ ማለት ነው» ብለን መከርነው። እርሱ ግን አቀርቅሮ ዝም አለ። በመንገድ ስንመለስ፥ እኛስ በዘመናችን ስንቱን «ተፈጽሟል» የሚል ቃል መፈጸሙን ሳናይ ገልብጠን ይሆን እያልን ራሳችንን ጠየቅን።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖች የምናሳስበው ጥቂት ነው። በምግቡ መዝገብ ላይ «የለም» የሚል ረድፍ ይኑር፤ ያንንም የሚጽፍ ሰው አይወቀስ። በየሳምንቱ ከወላጆች አንዱ መጥቶ ከድስቱ ይቅመስ፤ የቀመሰውንም በመዝገቡ ይፈርም። ባቄላና ምስር እህሉ በተወቃበት ወራት፥ ዋጋው ሳይወደድና ክረምት መንገዱን ሳይዘጋ ተገዝቶ በጎተራ ይቀመጥ። ለእናቶችም የምንለው ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቢመግብም ባይመግብም ከልጃችሁ የምሳ ዕቃ ጥራጥሬ አይጥፋ። የገብስ ቆሎ ስትቆሉ ሽምብራ ጨምሩበት፤ ጎመኑን በዘይት ወይም በቅቤ አብስሉት፤ ዕንቁላሉንም ሁሉ ለገበያ አታውጡ፤ ከሳምንቱ ጥቂቱን ለልጆቹ አስቀሩ።

ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዚያው ጊዜ ጃናሞራን የመሳሰሉት የሰሜን ወረዳዎች በድርቅ ተመትተዋል። በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ድስት አይጥድም፤ ከትምህርቱ ጋር ምሳውንም ያጣ ልጅ ሁለት ጊዜ ተጐድቷል። በሩ ሲከፈት ወደ ክፍል የሚመለሱት ልጆች ከቀድሞው ይልቅ የከሱ ይሆናሉና፥ ምሳው ከደብተሩ ቀድሞ ይጠብቃቸው ዘንድ ይገባል። ደንቡ አለ፤ እህሉም በምድራችን ይበቅላል። የቀረው የድስቱን ክዳን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው።