ቫልቭ ሲለወጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ጊታር የሚወድ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ከኪስ ገንዘቡ ለወራት ቆጥቦ አንድ አሮጌ ቫልቭ ገዛ። ቫልቭ የምንለው በቀድሞ ራዲዮዎች ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል ቀልቶ ይታይ የነበረውን የመስተዋት ዕቃ ነው። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ የነበረውን አዲስ ቫልቭ ነቅሎ አሮጌውን ተካና ሰብስቦ አሰማን። አንዱ «ድምፁ ሞቀ» አለ፤ ሌላው «ማር ማር አለኝ» ብሎ መሰከረ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በማግሥቱ አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ቮልት መለኪያ ይዞ መጣ። ሲለካው አሮጌው ቫልቭ ድምፁን ጥቂት ከፍ አድርጎት ኖሯል። ከፍታውን እኩል አድርገን የትኛው እንደ ተሰካ ሳናይ ብንሰማ፣ ግምታችን ሳንቲም ከመወርወር የተሻለ አልሆነም። ጓደኛችን ያዘነው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ጆሮው ስለ ከዳው ጭምር ነው።

ይህን የማነሣው ቫልቭ መለወጥ ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ለውጡ እውነተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምኞት ብቻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ለመለየት በቅድሚያ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1904 እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ አየር በወጣለት መስተዋት ውስጥ ሁለት ክፍሎች ያሉትን ቫልቭ ሠራ። አንደኛው ክፍል ካቶድ ይባላል፤ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ሁለተኛው አኖድ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹን ስቦ ይቀበላል። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በሁለቱ መካከል ግሪድ የተባለውን ሦስተኛ ክፍል መጨመር ጀመረ። ግሪድ እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ ነው። በግሪዱ ላይ ያለው ቮልት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ወደ አኖድ የሚሄደው የኤሌክትሮን ጎርፍ በብዙ ይለዋወጣል። ትንሽ የሆነው የጊታር ምልክት የሚጎላው በዚህ መንገድ ነው። በኋላ ትራንዚስተር የቫልቭን ቦታ በአብዛኛው ወሰደ፤ ይሁን እንጂ ጊታር ተጫዋቾችና አንዳንድ የሙዚቃ ወዳጆች አልተዉትም። ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ቫልቭ ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በመጀመሪያ፣ የቫልቩ ዓይነት ሲለወጥ ለውጡ ግልጽ ነው። 12ኤኤክስ7፣ 12ኤዋይ7 እና 12ኤዩ7 የተባሉት ሁሉም ዘጠኝ እግር አላቸው፤ በአንድ መቀመጫም ይገባሉ። የማጉላት ቁጥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው 100፣ የሁለተኛው 44 ያህል፣ የሦስተኛው 20 ያህል ነው። ከተለመደው የ100,000 ኦም ሬዚስተር ጋር ሲሠሩ፣ የመጀመሪያው ምልክቱን 60 ጊዜ ያህል ሲያጎላ ሦስተኛው 15 ጊዜ ያህል ብቻ ያጎላል። ይህን ልዩነት ማንም ይሰማዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የማርሻል አምፕሊፋየር ታሪክ ነው። በ1962 በለንደን የጂም ማርሻል ባልደረቦች ጄቲኤም45 የተባለውን ሲሠሩ፣ የአሜሪካውን የፌንደር ቤዝማን ንድፍ ተከትለው ነበር። ቤዝማን በመጀመሪያው መቀመጫ ላይ 12ኤዋይ7 ነበረው፤ እነርሱ ግን በአውሮፓ ኢሲሲ83 የሚባለውን 12ኤኤክስ7 አኖሩበት። ምልክቱ ይበልጥ ስለ ጎላ፣ አምፕሊፋየሩ ቀደም ብሎ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ድምፁ መሻከር ጀመረ። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች የወደዱት ይህንኑ ሻካራነት ነው። ሆኖም ስፒከሮቹም ትራንስፎርመሩም ከቤዝማን የተለዩ ስለ ነበሩ፣ ምስጋናውን ሁሉ ለቫልቩ መስጠት አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዓይነቱ አንድ ሆኖ ፋብሪካው ወይም ዕድሜው ብቻ ሲለይ ነገሩ ይጠብባል። ያረጀና የደከመ ቫልቭ ድምፅ ያሳንሳል፤ ሲጮህ ወይም ሲንሿሿ መለወጥ አለበት። በእርሳስ ቀስ ብሎ ሲነኩት በስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል የሚያስተጋባም አለ። በደኅና ቫልቮች መካከል ግን የሚቀረው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የማጉላት ኃይል ጥቂት መበላለጥ ነው። ብዙ የሙዚቃ ማዳመጫ አምፕሊፋየሮች ይህንንም በብዙ ይቀንሱታል። ሃሮልድ ብላክ በ1927 ባገኘው የኔጋቲቭ ፊድባክ ዘዴ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ ወደ መግቢያው ተመልሶ ስሕተቱን ያርማል። በ1947 የታወቀው የዊሊያምሰን አምፕሊፋየር 20 ዴሲቤል ፊድባክ ነበረው፤ ይህም መዛባትንም ሆነ የቫልቮችን መበላለጥ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ዝቅ ያደርጋል። ደግሞም በሣጥኑ ላይ የታተመው የጥንት ስም አያታልለን፤ ስማቸው የተሸጠና ዛሬ ሌላ ፋብሪካ የሚያትማቸው ብዙ ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

ከመንካታችሁ በፊት ግን ይህን ልብ በሉ። አምፕሊፋየሩ ከጠፋ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ መስተዋቱ እስኪበርድ ጠብቁ፤ የውስጡን ሽቦ ለሚያውቅ ሰው ተዉለት። ትልልቆቹን የመውጫ ቫልቮች በዘፈቀደ አትለዋውጡ። ኢኤል34 ስምንት እግር ስላለው በ6ኤል6 መቀመጫ ይገባል፤ ነገር ግን ማሞቂያው 0.9 አምፔር በሚበቃው ፋንታ 1.5 አምፔር ይወስዳልና ያልተዘጋጀለትን ትራንስፎርመር ያቃጥላል።

አሁን መመርመሪያውን ላቅርብ። በስልክ የ400 ኸርዝ ድምፅ አሰሙና የስፒከሩን ቮልት በሁለቱም ቫልቮች እኩል አድርጉ። ቀጥሎም አንድ የጊታር ቅጂ በሁለቱም አሳልፋችሁ ቅረጹ፤ ቫልቩን ደጋግሞ መንቀል እግሩን ይጎዳልና። ከዚያ አንድ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ከሁለቱ አንዱን 16 ጊዜ ያሰማ፤ ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ ይጻፍ። በዕድል ብቻ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት ከ100 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ያን ያህል ያገኘ ሰው ልዩነቱን ሰምቷል ለማለት በቂ ምክንያት አለው። 8 ወይም 9 ያገኘ ግን ገንዘቡን በኪሱ ያቆይ።

ጆሮ ውሸታም አይደለም፤ ነገር ግን ዓይንና ዋጋ አስቀድመው ከነገሩት የነገሩትን ይሰማል። ጓደኛችን ያን አሮጌ ቫልቭ አልጣለውም፤ ደኅና ይሠራልና። ለሁለተኛው ብሎ ባጠራቀመው ገንዘብ ግን አዲስ የጊታር ክር ገዛበት። የዚህን ልዩነት ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ለየነው።