ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ የሜርሎ ቀይ ወይን ጠጅ የቅምሻ ምዘና
ሜርሎ በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ከቀይ የወይን ዝርያዎች ሁሉ በስፋት የሚተከለው ነው። ከካበርኔ ሶቪኞን ቀድሞ ይበስላል፤ ጠጁም ለስላሳና የፕሪም መዓዛ ያለው ነው። ረጅም ክምችት ስለማይጠይቅ በአነስተኛ ዋጋ ሊቀርብ ይችላል። ቀማሹ ቀለሙን፣ መዓዛውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ የታኒኑን አፍ የመያዝ ኃይልና ጣዕሙ ከተዋጠ በኋላ የሚቆይበትን ጊዜ በቅደም ተከተል ይመዝናል።

የምዘናው ፈተና ግን ከምላስ ይልቅ ዓይን ነው። ሞሮ፣ ብሮሼና ዱቡርዲዩ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ 54 ቀማሾች ቀይ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን ጠጅ በአመዛኙ በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገልጸውታል። ቀለም አፍንጫን ካሳሳተ፣ የዋጋ መለያም ፍርድን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ርካሹ ጠጅ ትክክለኛ ፍርድ የሚያገኘው ጠርሙሱ ተሸፍኖ ሲቀመስ ነው፤ ዋጋው የሚገለጠውም ነጥቡ ከተመዘገበ በኋላ ሊሆን ይገባል።