ስልክ ቤት ከመክፈቴ በፊት ሮማኒና ውስጥ የጠየቅኩት ጥያቄ

በሮም ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሮማኒና ሰፈር፣ «ፓላዞ ሰላም» የሚባል ትልቅ ሕንፃ አለ። ድሮ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነበር፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ይኖሩበታል። እዚያው አጠገብ ትንሽ ስልክ ቤት ልከፍት አሰብኩ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የአማርኛ ኪቦርድ እጭናለሁ ብዬ። በእጄ ያለው ያጠራቀምኩት 1,800 ዩሮ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ገበያውን ላጥና አልኩ።

አጀማመሬ ስህተት ነበር። «ብከፍት ትመጣላችሁ?» ስላቸው ሁሉም «እንዴታ! በርታ!» አሉኝ። ይሉኝታ ነው፤ ማን ፊት ለፊት «አልመጣም» ይላል?

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «መጨረሻ ስልክህ የተበላሸ ጊዜ ምን አደረግክ? ስንት ከፈልክ?»

መልሱ ዕቅዴን አፈረሰው። ስክሪን የተሰበረባቸው ተርሚኒ አካባቢ በርካሽ አሠርተዋል፤ በዋጋ አልወዳደራቸውም። ኪቦርዱም አያዋጣም፤ ጂቦርድ አማርኛም ትግርኛም በነጻ አለው፣ ወጣቶቹም ለትልልቆቹ ይጭኑላቸዋል።

ከዚያ አንዲት እናት ስልካቸው የጠፋ ጊዜ የሆነውን ነገሩኝ። «ጂሜሉን የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን እሱ ነው የሚያውቀው» አሉ። የልጆቻቸው ፎቶ፣ የአገር ቤት ስልክ ቁጥር ሁሉ ቀረ። ተመሳሳይ ታሪክ ከሌሎችም ሰማሁ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከፎቶ ያልፋል፦ ስፒድ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ከኢሜይልና ከስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው።

ገበያው እዚህ ነበር። ባለቤቱ ፓስወርዱን ራሱ እያስገባ አካውንት መክፈት፣ መልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥር መመዝገብ፣ ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ባክአፕ ማድረግ። ለአምስት ሰዎች በነጻ ሠራሁ፤ ሦስቱ ሌላ ሰው ይዘው ተመለሱ። ይሄ ከመቶ «በርታ» ይበልጣል። ብዙዎቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ጨምሬያለሁ። ፓርቲታ ኢቫ የማወጣው ግን ሰው ከፍሎ እንደሚያሠራ ካየሁ በኋላ ነው።

እናንተም ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሰውን «ትገዛለህ ወይ?» አትበሉት። ባለፈው ምን እንዳደረገ ጠይቁት፤ ገንዘባችሁን ያተርፍላችኋል።