ጥቀርሻው ይነዳል፣ አመዱ ይቀራል

ጠዋት መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን መዝዞ የሚያይ ሾፌር ዘይቱ ጎድሎ ቢያገኘው ይደነግጣል። ጨምሮ ቢያገኘው ግን “ተመስገን፣ ሞተሬ ዘይት አይበላም” ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የጭስ ማጣሪያ ባላቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ ይህ ምስጋና ቦታውን ስቷል። ማንም ሳይሞላው የጨመረ ዘይት ከጎደለው የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ማጣሪያው ዲፒኤፍ ይባላል። በሞተሩና በማርሚታው መካከል በብረት ቅርፊት ውስጥ የተቀመጠ ሸክላ መሰል ነገር ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ በፈረቃ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ተደፍነዋል። ጭሱ ቀጥታ መውጫ ስለሚያጣ በግድግዳው ሰርጎ ያልፋል፤ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል። ፔዦ እ.ኤ.አ. በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ ገጠመው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዩሮ 5 የተባለው የአውሮፓ ደንብ በኪሎ ሜትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ጥቀርሻ ሲከለክል ደግሞ ለአዲስ የናፍጣ መኪኖች የማይቀር ዕቃ ሆነ።

በሆሳዕናና በዱራሜ መንገዶች የሚመላለሱት የቆዩ አይሱዙዎችና ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሶች ይህ ዕቃ የላቸውም። ጣጣው ለአውሮፓ ገበያ ተሠርተው ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን ይመለከታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉት እዚሁ ያረጃሉ። ስለዚህ በሽታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ወሳ (ቆጮ) የሚጋገርበትን ምድጃ የሚያውቅ ሰው ዲፒኤፍን ለመረዳት አይቸገርም። ከምጣዱ ሥር የያዘው ጥቀርሻ እሳቱ ሲበረታ ነዶ ይጠፋል። አመዱን ግን እሳት አይጨርሰውም፤ ታፍሶ መውጣት አለበት። ዲፒኤፍም ሁለቱንም ይሰበስባል። ጥቀርሻው ከናፍጣው ይመጣል፤ አመዱ በአብዛኛው የሚመጣው ሞተሩ ከሚያቃጥለው ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት የካልሲየምና የዚንክ ቅመሞች ነደው አያልቁምና።

ጥቀርሻው እንዲነድ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ሙቀቱ በራሱ ካልመጣ የመኪናው ኮምፒውተር ትርፍ ናፍጣ ዘግይቶ እየረጨ ማጣሪያውን ያግለዋል። ይህ ደቂቃዎችን የሚወስድ ሥራ ነው። ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ገበያ ብቻ የሚሄድ መኪና ሥራው ሳያልቅ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይጀምራል። በየሙከራው ከተረጨው ናፍጣ የተወሰነው በፒስተኑ ጎን ወርዶ ከዘይቱ ይቀላቀላል። በመለኪያው ላይ ከፍ ብሎ የታየው “ዘይት” እንግዲህ ይህ ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ቀጥኗል፣ ኩሽኔታዎቹንም በደንብ አያለሰልስም።

መልክዐ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ያንን ጉድለት ለማካካስ አብዝቶ ይሽከረከራል። ከዱራሜ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ቁልቁል ሲወረድ ነዳጅ ስለማይረገጥ ማጣሪያው ይቀዘቅዛል፤ ሲመለሱ ዳገቱ ያግለዋል። ማጣሪያውን ለማጽዳት ብሎ መኪናውን ረጅም መንገድ የሚያወጣ ሰው ዳገቱን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዘይት ወደሚበላው ሞተር እንምጣ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላ ሞተር በ10,000 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ያቃጥላል። ከዘይቱ ክብደት 1 በመቶው አመድ ከሆነ ወደ 40 ግራም አመድ ተፈጠረ ማለት ነው፤ አብዛኛውም ማጣሪያው ውስጥ ይከማቻል። ማጣሪያው ሲጠብ ጭሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ የቱርቦውን ማሸጊያ ይፈትናል፤ ቱርቦው ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል፤ የፈሰሰው ዘይት ተቃጥሎ ደግሞ ሌላ አመድ ይሆናል።

ስለዚህ ምርመራው ከዘይቱ ይጀምራል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላና ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ጥሩ መለኪያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ አለመሆኑን በመኪናው ሥር በተነጠፈ ካርቶን ማረጋገጥ ያሻል።

የውጭ ፍሳሽ ከሌለ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይላላል። አየሩ በኃይል እየተነፈሰ የሚገፋ ከሆነ ጥርጣሬው ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት ላይ ይወድቃል፤ በኮምፕሬሽን መለኪያ ይረጋገጣል። ከቱርቦው ወደ ፊት የሚሄደው የአየር ቱቦ ሲፈታ ቀጭን የዘይት ወዝ ማየት ያለ ነገር ነው፤ ዘይት ከተጠራቀመ ግን ቱርቦው ይመርመር። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ይታያል። ጤነኛ ማጣሪያ ጥቀርሻን ስለሚውጥ ጭሱን ብቻ ማመን አይበቃም። የማርሚታው አፍ ውስጥ ጣት ሲያስገቡ ጥቁር ከያዘ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወይም ከዚህ በፊት ሆዱ ተቦርቡሯል።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ይታሰርና ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ይነበባል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጥፋቱ የመለኪያው ወይም የላስቲክ ቱቦዎቹ ነው። ጥቀርሻው ተቃጥሎ ካበቃ በኋላም ግፊቱ ካልወረደ የቀረው አመድ ነው፤ ማጣሪያው ወርዶ በአየር ወይም በውኃ ከኋላ ወደ ፊት ይታጠባል። ጥቀርሻውን የማቃጠሉ ሥራ ተደጋግሞ እየተቋረጠ ከሆነም ሞተሩ እንዳይሞቅ ያደረገው ክፍት የቀረ ቴርሞስታት፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሊሆን ይችላል።

በዘይት የራሰን ማጣሪያ በኮምፒውተር ትእዛዝ አስገድዶ ማቃጠል ከመጠን በላይ አግሎ ሸክላውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቦርቡሮ ባዶ ማድረጉ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ሊያጠፋ ይችላል፣ ጭሱን ግን ለመንገደኛው ይለቃል፤ ዘይት የሚበላው ፋሻም እንደነበረ ይቀጥላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዘይት ሲቀየር አመዱ ያነሰውን፣ ሲ3 ወይም ሲኬ-4 የሚል ምልክት ያለውንና አምራቹ የፈቀደውን መግዛት ይመከራል።

ማጣሪያ እንዲቀየር ወይም እንዲቦረቦር ለተጠየቀ ሜካኒክ እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር ነው፦ ባለፈው 1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ስንት ቀነሰ? ወይስ ጨመረ?