በአሮጌ መኪናዎች ውስጥ ስለ ተሰወረው ጥበብ

መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ለዐይን የሚታየው ጌጡ ሁሉ የገዢውን ልብ ለመሳብ የተሠራ ነው፤ በኮፈኑ ሥርና በወለሉ ምንጣፍ ሥር ተሰውሮ የሚኖረው ብልሃት ግን ለዓመታት ያለ ምስጋና ሲያገለግል ኖሮ፥ ባለቤቱ በጭንቅ ሰዓት ሲደርስበት ብቻ የሚታወቅ ስለ ሆነ፥ የአንድን መሐንዲስ እውነተኛ ጠባይ መረዳት የሚወድ ሰው ከቀለሙና ከቅርጹ ይልቅ ይህን ኅቡእ ሥራ ቢመረምር ይሻለዋል።

በ1929 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በተቆረቆረችው በነታንያ፥ መንገዶቹ ዛሬ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በሞላባቸው አዳዲስ መኪናዎች ተጨናንቀዋል። ይሁን እንጂ በእስራኤል ሕግ 30 ዓመት የሞላው መኪና በቅርስነት ተይዞ እንደ ሰብሳቢ መኪና ሊመዘገብ ስለሚችል፥ አንዳንድ ጊዜ አሮጌ ቮልስዋገን ከሌሎቹ መካከል ብቅ ይላል፤ በዚያን ጊዜም ወጣቶቹ እንደ መጫወቻ ሲመለከቱት፥ በአዲስ አበባ የኖሩት ታላላቆቻችን ግን «ቮልስ!» ብለው ቆም ይላሉ። እኔም ስለዚህ መኪና አስፍቼ ለመናገር የመረጥሁት፥ በኢትዮጵያም በእስራኤልም ለሚኖር ወገን የሚታወቅ በመሆኑና ከማውቃቸው መኪናዎች ሁሉ የተሰወረ ብልሃት የሚበዛበት ስለ ሆነ ነው።

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች የቤንዚን መለኪያ አልነበራቸውም። ይህ ለዛሬ ሰው ጉድለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ በመለኪያው ፈንታ ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት ክፍት፥ ዝግና መጠባበቂያ የሚሉ ሦስት አቋሞች ያሏት አንዲት ትንሽ መዘውር አኑረው ነበር። በዘወትር ጉዞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው ከታንኩ ወለል ከፍ ብሎ በቆመ ቀጭን ቱቦ ጫፍ በኩል ነውና፥ የቤንዚኑ መጠን ከዚያ ጫፍ ዝቅ ባለ ጊዜ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ሾፌሩም ሳይቆም በእግሩ ጣት መዘውሯን ሲያዞር ከታንኩ ግርጌ ሌላ መንገድ ተከፍቶ የቀረው አምስት ሊትር ያህል ቤንዚን እስከሚቀጥለው ማደያ ያደርሰዋል። እናት ለመንገደኛ ልጅዋ ሳትነግረው በስልቻው ግርጌ ስንቅ እንደምትደብቅ፥ ያ መሐንዲስም ለማያውቀው ሰው ስንቁን በታንኩ ግርጌ ደብቆለታል። ቤንዚን ከሞላ በኋላ መዘውሯን ወደ ቦታዋ መመለስ የረሳ ሾፌር ግን መጠባበቂያውንም ሳያውቅ ስለሚጨርሰው፥ በሚቀጥለው ጊዜ ከጫካ መካከል ይቀራል፤ ብልሃቱ የሚረዳው ለሚያስተውለው ብቻ ነበር።

ሌላው ድንቅ ነገር የፊት መስታወቱን ማጠቢያ የሚመለከት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጡት ቮልሶች ውኃውን ወደ መስታወቱ የሚረጩት በኤሌክትሪክ ሳይሆን፥ ከፊተኛው ኮፈን ሥር በተቀመጠው ትርፍ ጎማ ውስጥ በታመቀው አየር ነው፤ ከጎማው አፍ የተቀጠለች ቀጭን ቱቦ አየሩን ወደ ውኃው ዕቃ ታደርሳለች፥ ቁልፉ ሲጫንም ግፊቱ ውኃውን ያፈልቀዋል። ይህን ብቻ አስበው ቢተዉት ኖሮ ትርፉ ጎማ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ሆኖ በተገኘ ነበር፤ እነርሱ ግን የጎማው ግፊት ለጉዞ ከሚበቃው መጠን በታች ከመውረዱ በፊት የአየሩን መንገድ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አበጅተውለታል። አንዱ ዕቃ ለሁለት አገልግሎት ሲውል ሁለተኛው አገልግሎት ፊተኛውን እንዳይጎዳው የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ከብልሃቱ ከራሱ ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ሞተሩ ከኋላ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለ ሆነ በቆላ የሚፈላ፥ በደጋም የሚረጋ ውኃ የለውም። አየሩን የሚነፍሰው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተሰክቶ በአንዲት ቺንጋ ይዞራል፤ ስለዚህ በሌላ መኪና ባትሪው መሞላቱን እንዳቆመ ብቻ የምታመለክተው ቀይ መብራት በቮልስ ላይ ስትበራ፥ ቺንጋው ተበጥሶ ሞተሩ ማቀዝቀዣ አጥቷልና ቁም፥ አሁኑኑ አጥፋ ማለቷ ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ሲላላም የሚጠብቀው እጅግ በቀላል ዘዴ ነው፤ ፑሊው ከሁለት ክፋይ የተሠራ ሆኖ በመካከሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉና፥ ከእነርሱ አንዱ ሲወጣ ክፋዮቹ ይቀራረባሉ፥ ቺንጋውም ወደ ውጭ ተገፍቶ ይወጠራል። የወጣው ሮንዴላ ግን አይጣልም፤ ከፑሊው በስተ ውጭ ከዳዶው ሥር ይቀመጣል፥ አዲስ ቺንጋ በሚገባበትም ጊዜ ከዚያው ይገኛል።

ይህ መኪና በአገራችን የሁሉ ነበር፤ መምህሩም ነጋዴውም ነድቶታል፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስዋገን ነው። በእስራኤል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መኪናው በፈርዲናንድ ፖርሽ ተነድፎ በናዚ መንግሥት ትእዛዝ የተጀመረ በመሆኑ፥ ከእልቂቱ የተረፉ ብዙ ሰዎች ሊሳፈሩበት ቀርቶ ሊያዩት አልወደዱም፤ ይህንንም ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ የተሰወረ አንድ አይሁዳዊ ሰው አለ። ዮሴፍ ጋንስ በ1898 በቡዳፔስት ተወልዶ በጀርመን አገር መሐንዲስና ጋዜጠኛ የሆነ ሲሆን፥ «ሞቶር ክሪቲክ» በተባለው መጽሔቱ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለባለጸጋ ብቻ መሥራታቸውን ትተው፥ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ፥ ቀላልና ርካሽ የሕዝብ መኪና እንዲሠሩ ያለ ፍርሃት ይሟገት ነበር፤ በ1931 ማይኬፈር የተባለውን ትንሽ መኪና ሠርቶ አሳየ፥ በ1933ም በእርሱ ሐሳብ የተሠራው ስታንዳርድ ሱፔሪዮር በበርሊን ኤግዚቢሽን ቀረበ። በዚያው ዓመት ጌስታፖ አሰረው፤ ከዚያም ወደ ስዊስ ተሰድዶ በመጨረሻ በ1967 በአውስትራልያ ዐረፈ። እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች በዓለም ላይ ሲሠሩ፥ የሕዝብ መኪና ያስፈልጋል ብሎ አስቀድሞ የጮኸው ሰው ስም ለብዙ ዘመን ሳይነሣ መቅረቱ እውነተኛ በደል ነውና፥ ልጆቻችን በነታንያ ትምህርት ቤቶች ስለዚህ ሰው ቢማሩ እወድዳለሁ።

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና የሠራችው ላዳም የራስዋ ምሥጢር አላት። ከጣልያኑ ፊያት 124 ተወስዳ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ስትሠራ፥ ለክፉ መንገድ እንድትስማማ ተብሎ ከመሬት ከፍ ተደረገች፥ የኋላ ፍሬንዋም ጭቃን እንዲችል ተለወጠ። ባትሪዋ የሞተ እንደ ሆነ ከፊት በኩል በተተወላት ቀዳዳ ማንቬላ አስገብቶ በእጅ ማስነሣት ይቻላል፤ ብዙ ቀን ቆማ ካርቡራቶርዋ ቢደርቅ ደግሞ ከቤንዚን ፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ እጀታ በጣት መላልሶ በመጫን ይሞላል።

አሮጌ መኪና የሌለውም አንባቢ የራሱን መኪና የቤንዚን መለኪያ ይመልከት፤ በብዙ መኪናዎች ከቤንዚን ማደያው ሥዕል አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት የታንኩ ክዳን በየት በኩል እንደ ሆነ ታመለክታለች። ይህችን ያሰበው የፎርድ ሠራተኛ ጂም ሞይላን በ1986 በዝናብ ቤንዚን ሊሞላ ሄዶ በማይሆነው ጎን በኩል በመቆሙ ስለ ረጠበ፥ ወዲያው ሐሳቡን ለአለቆቹ ጽፎ ነው።

በነታንያ ለሚኖር የአሮጌ መኪና ባለቤት ግን ከሁሉ የሚበልጠው የተሰወረ ነገር ከሁሉ የሚያንሰው ነው። ከባሕሩ የሚነፍሰው ጨዋማ እርጥበት ብረትን ይበላል፤ በሐይፋ ከ1960 ገደማ ጀምሮ ትሠራ የነበረችው ሱሲታ የተባለች መኪና አካልዋ ከፋይበርግላስ ስለ ነበረ፥ ምንም እንኳ ሕዝቡ ግመል ይበላታል እያለ ቢያወራባት፥ በአካልዋ ዝገት አታውቅም ነበር። የብረቶቹ መኪናዎች ጠበቃ ግን በእያንዳንዱ በር ግርጌና በብዙዎቹም ከፊት መስታወቱ ሥር የተበሱት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ናቸው። ዝናቡ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የማይቀር መሆኑን ሠሪው ስላወቀ፥ መግቢያውን ለመድፈን በከንቱ ከመድከም ይልቅ መውጫ አዘጋጀለት፤ እነዚህ ቀዳዳዎች በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ውኃው ከጨው ጋር በውስጥ ይተኛል፥ በሩም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል፤ ቀለሙ ማበጥ ሲጀምር ጊዜው አልፏል። በጎንደር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞች የልጅ ልጆች ዛሬ በዚህ አገር በጋራዥ ሲሠሩ ይህን ለደንበኞቻቸው ቢያሳዩ መልካም ነው፤ ሥራው ቀላል ነውና። በመከር ወራት ዝናቡ ሳይጀምር የበሩን ግርጌ በጣት ዳስሶ ቀዳዳዎቹን ማግኘት፥ በለስላሳ ሽቦ መጥረግ፥ ከዚያም በመስታወቱ ጎን አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ አፍስሶ ከታች እስኪወርድ መጠበቅ፤ ካልወረደ የበሩን የውስጥ ልባስ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።