የተጓደለ የአገልግሎት ዘመን ከጡረታ ጥያቄ በፊት ሊሟላ ይገባል

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መውጫ ዕድሜያቸው ሳይደርስ በፈቃዳቸው ጡረታ ለመውጣት ሲያስቡ፣ አስቀድመው ሊያረጋግጡት የሚገባው ጉዳይ የአገልግሎት ዘመናቸው በተሟላ ማስረጃ የተደገፈ መሆኑን ነው።

አዋጅ ቁጥር 714/2003ን የተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 በሥራ ላይ ይገኛል። የሲቪል ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ዕድሜው 55 ሲሞላ በፈቃዱ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1 ነጥብ 25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ለአብነት ያህል በ1990 ዓ.ም. በ27 ዓመት ዕድሜው በጃናሞራ ወረዳ በመምህርነት ተቀጥሮ ኋላ ወደ ደባርቅ፣ ቀጥሎም ወደ ጎንደር ከተማ የተዛወረ ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም. 28 ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል። አማካይ ደመወዙ 10 ሺህ ብር ቢሆን በ52 ነጥብ 5 በመቶ ስሌት በወር 5 ሺህ 250 ብር ያገኛል። የጃናሞራው 4 ዓመት ማስረጃ ከጎደለ ግን አገልግሎቱ 24 ዓመት ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። ስሌቱ ወደ 47 ነጥብ 5 በመቶ ዝቅ ከማለቱም በላይ 25 ዓመት ስላልሞላ በ55 ዓመቱ የመውጣት መብቱን ያጣል። ይህን ሳያውቅ ሥራውን ከለቀቀ 60 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለ ደመወዝና ያለ አበል ለመቆየት ይገደዳል።

ለማስረጃ መጓደል ምክንያት ከሚሆኑት መካከል የመዋቅር ለውጦች ይጠቀሳሉ። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው ወረዳን ያማከለ አሠራር የበጀትና የሰው ኃይል አስተዳደር ከዞን ወደ ወረዳ ወርዷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሰሜን፣ በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር ዞኖች ተከፍሏል። በመሆኑም የአንድ ሠራተኛ ሰነድ በቀድሞው ዞን መዝገብ ቤት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በአሁኑ መሥሪያ ቤት ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል። በተለያዩ ደብዳቤዎች ላይ የስም አጻጻፍ መለያየት እንዲሁም የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር መደባለቅም ለስህተት ይዳርጋሉ።

ስለሆነም ሠራተኛው በቅድሚያ በመጨረሻው መሥሪያ ቤቱ የሚገኘውን የግል ማኅደሩን በመመልከት የቅጥር፣ የዝውውርና የደመወዝ ለውጥ ደብዳቤዎችን በዓመት ቅደም ተከተል ማመሳከር ይኖርበታል። የሕጉ ሽፋን የሚመለከተው ቋሚ ሠራተኛን በመሆኑ በጊዜያዊነት የተጀመረ ሥራ ከሆነ የቋሚነት ደብዳቤው ልዩ ትኩረት ይሻል። ዕድሜም ቢሆን የሚያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጠር በተመዘገበው መሠረት እንጂ ኋላ በወጣ የልደት ማስረጃ አይደለም።

ክፍተት ከተገኘ ቀድሞ ለሠራበት መሥሪያ ቤት በአሁኑ መሥሪያ ቤት በኩል በደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ባይገኝ የዘመኑ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ሠራተኛው መቀጠሩንና የጡረታ መዋጮ መቆረጡን ለማመልከት ይረዳል። የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ 7 በመቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ሲሆን፣ ቀንሶ ለጡረታ ፈንዱ ገቢ የማድረግ ኃላፊነት የመሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ማስረጃ አፈላልጎ ማሟላት ለሠራተኛው ብቻ የሚተው ሥራ ሊሆን አይገባም።

በተለይም ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ጎንደር ዞን በዘለቀ ጊዜ የታየው ስጋት፣ ሰነድን በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ የሚያስከትለውን አደጋ አስገንዝቧል። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዎች ቅጂዎችን በሌላ ቦታ ማኖር፣ ሠራተኞችም የየደብዳቤያቸውን ቅጂ በእጃቸው መያዝ ይጠበቅባቸዋል።

የተሟላው ማስረጃ በመሥሪያ ቤቱ አማካይነት ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል። በአገልግሎት አያያዝ ወይም በአበል ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለመብት ጉዳዩን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የማቅረብ መብት አለው።

ማስረጃን ማፈላለግ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሥራው መጀመር ያለበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ነው። ሠራተኛው ደመወዝ እየተከፈለው ሳለ የሚያስተካክለው የአራት ዓመት ክፍተት፣ ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ የራሱና የቤተሰቡ መተዳደሪያ ጉዳይ ይሆናል።